ሁሉም ልክ ሲሆንብሽ

ደብዳቤው፦

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የመጀመሪያ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ሰው ፊት ቆሜ መናገር አልችልም። ባለፈው ወር የግሩፕ ፕሬዘንቴሽን ነበረን። ተራዬ ደርሶ ስነሳ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ትንፋሽ አጠረኝ፣ ድምፄ ጠፋ። ወረቀቱን ለጓደኛዬ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። አስም ስላለብኝ የትንፋሹ ነገር ከዚያ ይሁን ከፍርሃት አላውቅም።

በዚህ ሴሚስተር ሳይኮሎጂ እየወሰድን ነው። ሞጁሉ ላይ ያሉትን እይታዎች በራሴ ላይ ስሞክራቸው ሁሉም ልክ ይሆኑብኛል። ችግርን ከልጅነትና ከተደበቀ ስሜት የሚያመጣውን ፍሮይድን ሳነብ ‹‹አባቴ ቁጡ ስለነበረ ነው›› እላለሁ። ባሕርይ ከገጠመን ነገር የምንማረው ነው ስለሚለው ቢሄቪየሪዝም ሳነብ ‹‹አራተኛ ክፍል ሰሌዳ ላይ ተሳስቼ ስለተሳቀብኝ ነው›› እላለሁ። ቴሌግራም ላይ የባሕርይ ፈተና ወሰድኩ፣ ቁጭ እኔን! እናቴ ‹‹ዓይነ ጥላ ነው፣ ጠበል እንሂድ›› ትላለች። የዶርሜ ልጅ ልብ የሚያረጋጋ ኪኒን ሰጥታኛለች፤ እስካሁን አልዋጥኩትም። ኢንጂነሪንግ የሚማረው የአጎቴ ልጅ ደግሞ ‹‹ሳይኮሎጂ ወሬ እንጂ ሳይንስ አይደለም›› ይለኛል። የቱ ነው ትክክሉ? ከሦስት ሳምንት በኋላ ሌላ ፕሬዘንቴሽን አለብኝ።

ግራ የገባኝ፣ ከዶርም

መልስ፦

ግራ የገባሽ ልጄ፣

መጀመሪያ፣ ኪኒኑን አትዋጪ። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እነግርሻለሁ።

‹‹ሁሉም ልክ ይሆኑብኛል›› ያልሽው ላይ ስደርስ ሳቅ አልኩ። እኔም ፍሬሽ እያለሁ በየምዕራፉ አዲስ በሽታ ይገኝብኝ ነበር። ይህን ጥያቄ ለመምህር ብታቀርቢ ብዙዎቹ ያንን የዝሆን ተረት ያመጡልሻል። አንዱ ዓይነ ስውር እግሩን ዳብሶ ግንድ ነው አለ፣ ሌላው ጆሮውን ይዞ ሰፌድ ነው አለ፣ ሁሉም በከፊል ልክ ናቸው። ይህ ተረት ለሳይኮሎጂ ሲሆን አልወደውም። ሁሉንም እኩል ያደርጋል። አንዳንዱ ዳባሽ እኮ ዝሆኑን ጭራሽ አልነካም፤ የጎረቤት አጥር ነው የያዘው።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ሞጁሉን ስታነቢ ‹‹ይሄ እኔን ይመስላል ወይ?›› ማለቱን ተዪው። ‹‹ይሄ ሰውዬ ተሳስቶ ቢሆን በምን አውቅበታለሁ?›› በይ።

ቀላሉ የቴሌግራሙ ፈተና ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። በርትራም ፎረር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ለ39 ተማሪዎቹ የባሕርይ ፈተና ሰጣቸው። ከዚያ ለእያንዳንዳቸው ‹‹ውጤትህ›› ብሎ ወረቀት አደላቸውና ምን ያህል እንደሚገልጻቸው ከ0 እስከ 5 ነጥብ እንዲሰጡ ጠየቃቸው። አማካዩ 4.26 ሆነ። በኋላ ሲታይ የሁሉም ወረቀት አንድ ዓይነት ነበር! ጽሑፉንም በአብዛኛው ያገኘው ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነው። ይህንን በ1949 አሳተመው (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ)። ወረቀቱ ላይ የነበረው እንዲህ ዓይነት ነገር ነው፦ ሰው እንዲወድሽ ትፈልጊያለሽ፣ ራስሽን ግን ትወቅሻለሽ፤ ከላይ የተረጋጋሽ ትመስያለሽ፣ ውስጥሽ ግን ይጨነቃል። ይህ የማይመለከተው ሰው ካለ አምጪልኝ፣ ቡና አፈላለታለሁ።

እኔም ከዚህ አላመለጥኩም። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ግራ ዓይኗ ሲርገበገብ ‹‹ክፉ ወሬ ልሰማ ነው›› ትል ነበር። እኔም ወረስኩት። ዓይኔ ተርገብግቦ ማታ መርዶ ከመጣ ‹‹ይኸው!›› እላለሁ። አንድ ጊዜ የግድግዳ ካላንደር ላይ መጻፍ ጀመርኩ። ዓይኔ በተርገበገበበት ቀን ‹‹ዓ››፣ ክፉ ወሬ በሰማሁበት ቀን ‹‹ክ››። ሦስት ወር ያህል። ‹‹ዓ›› እና ‹‹ክ›› አንድ ላይ የወደቁባቸው ቀናት ነበሩ፣ አልዋሽሽም። ግን ‹‹ዓ›› ብቻውን የቀረበትም አለ። ‹‹ክ›› ደግሞ ያለ ‹‹ዓ›› ሞልቶ ተርፏል፤ ክፉ ወሬ መቼ የዓይን ምልክት ይጠብቃል። ሁለቱም የሌሉባቸውን ባዶ ቀናትማ ከዚያ በፊት አንድም ቀን ቆጥሬያቸው አላውቅም። ለእናቴ ካላንደሩን ሳሳያት ምን ብትል ጥሩ ነው? ‹‹ያንቺ ዓይን ነው እንጂ የኔ አይሳሳትም።››

አየሽ፣ እናቴን የሚረታ ካላንደር የለም። የመጣው ሁሉ ይደግፋታል።

አሁን አራተኛ ክፍል ወደተሳቀብሽ ቀን እንመለስ። ምናልባት እውነትም ከዚያ ነው። ግን እንደ ካላንደሬ አራቱንም ሳጥን ሙይ፦ ተስቆበት የፈራ፣ ተስቆበት ያልፈራ፣ ሳይሳቅበት የፈራ፣ ሳይሳቅበት ያልፈራ። ተስቆባቸው የማይፈሩ የክፍልሽ ልጆች የሉም? ማንም ሳይስቅባቸው የሚንቀጠቀጡስ? አንቺ ያየሽው አንዱን ሳጥን ብቻ ነው፣ የራስሽን። የአባትሽን ቁጣም በዚሁ መዝኚው። በዚህ አገር ቁጡ አባት ያሳደገው ሁሉ መናገር ቢያቅተው ኖሮ ፓርላማው ጸጥ ባለ ነበር።

እይታዎቹን ለመለየት የሦስት ልጆችን ታሪክ ልንገርሽ። ሦስቱም ስለ ፍርሃት ነው፣ ያንቺም ጉዳይ ፍርሃት ነው።

የመጀመሪያው በ1909 ፍሮይድ የጻፈለት ‹‹ትንሹ ሃንስ›› ነው። የቪየና ልጅ ነው፣ 5 ዓመቱ አካባቢ። ፈረስ ይነክሰኛል ብሎ ከቤት መውጣት አቃተው። ያኔ ከተማው በጋሪ የተሞላ ነበር። ፍሮይድ በሕክምናው ጊዜ ልጁን ያገኘው አንዴ ብቻ ነው፤ ሌላውን አባትየው ነበር እየጻፈ የሚልክለት። ድምዳሜው ምን ሆነ? ልጁ እናቱን ለራሱ ይፈልጋል፣ አባቱ እንዳይቀጣው ይፈራል፣ ፈረሱ አባቱ ነው። እዚያው ጽሑፍ ውስጥ ግን ሌላ ነገርም አለ። ልጁ መንገድ ላይ ሠረገላ የሚጎትት ፈረስ ሲወድቅና ሲንፈራገጥ አይቷል። ፍርሃቱ ከዚያ እንደጀመረውም በራሱ አፍ ተናግሯል።

እንግዲህ ጥያቄያችንን እናምጣ። ፍሮይድ ተሳስቶ ቢሆን በምን ይታወቃል? ልጁ ‹‹አባቴን እፈራዋለሁ›› ቢል፣ ‹‹ይኸው››። ‹‹አልፈራውም›› ቢል፣ ‹‹ደብቀኸዋል››። የእናቴ ዓይን ነው። ልጁ በ19 ዓመቱ ፍሮይድን ሊጠይቅ ሄዶ ነበር፣ ጤነኛ ጎረምሳ ሆኖ። ስለ ራሱ የተጻፈውን ሲያነብ ምንም እንዳላስታወሰ ፍሮይድ ራሱ ጽፏል። ሰውየውን ግን ሙሉ በሙሉ አልጥለውም። የተጨነቀን ሰው ቁጭ ብሎ ለረጅም ሰዓት ማዳመጥ ሕክምና ሊሆን እንደሚችል ካስተማሩት አንዱ ነው። የማናስተውለው ነገር ውስጣችን ይሠራል ማለቱም በሌላ መልኩ ጸንቷል።

ሁለተኛው ልጅ አልበርት ነው። የቢሄቪየሪዝም መሥራቹ ጆን ዋትሰንና ተማሪው ሮዛሊ ሬይነር ባልቲሞር ውስጥ ሠርተው በ1920 ያሳተሙት ሙከራ ነው። የ11 ወር ሕፃን ነጭ አይጥ አሳዩት። አልፈራም፣ ሊይዛት እጁን ዘረጋ። እጁ ሲነካት ከጀርባው የብረት ዘንግ በመዶሻ መቱ። ሕፃኑ ደነገጠ። ይህንን ጥቂት ጊዜ ደጋገሙት። በመጨረሻ ድምፁ ሳይኖር አይጧን ብቻ ሲያይ አለቀሰ። ከዚያ ጥንቸልም ፈራ፣ ውሻም፣ የጸጉር ካፖርትም። ጭካኔ ነው፤ ዛሬ የትኛውም የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ አያሳልፈውም። ፍርሃቱን እንኳ ሳይነቅሉለት ነው ልጁ የሄደው። እንደ ማስረጃም ደካማ ነው፣ አንድ ሕፃን ብቻ፣ ማነጻጸሪያ የሌለው። ሆኖም አንድ ነገር ከፍሮይድ ይለየዋል። ሕፃኑ አይጧን መፍራት ባይጀምር ኖሮ ዋትሰን ያፍር ነበር። ለማፈር መዘጋጀት ነው ዋናው ነገር።

ሦስተኛው የኔ ተወዳጅ ነው። ፒተር፣ 3 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት የቀሩት ልጅ። ጥንቸል ይፈራል። ሜሪ ከቨር ጆንስ የተባለች ወጣት ተመራማሪ ኒው ዮርክ ላይ ወሰደችው፤ ታሪኩንም በ1924 አሳተመችው። ልጁ ተቀምጦ የሚወደውን እየበላ፣ ጥንቸሏን በሽቦ ሳጥን አድርጋ ክፍሉ ጥግ አስቀመጠች። በሚቀጥለው ትንሽ ቀረብ። በሚቀጥለው ደግሞ ትንሽ። ካለቀሰ መለስ። የማይፈሩ ሌሎች ልጆችም እንዲያይ አደረገች። መሀል ላይ ፒተር በትኩሳት በሽታ ሆስፒታል ገባ፤ ሲወጣም ትልቅ ውሻ ዘለለበትና ያ ሁሉ ልፋት ተመልሶ ዜሮ ሊገባ ደረሰ። እንደገና ጀመረች። በመጨረሻ ጥንቸሏ ጣቱን ስትነካካው ዝም ብሎ የሚያይ ልጅ ሆነ።

‹‹አንቺ ፒተርን ትመስያለሽ›› ልልሽ ነበር፣ ራሴን ያዝኩት። ያው ‹‹ይመስላል›› ውስጥ መግባት ነው። ፒተርም አንድ ልጅ ነው። መንገዱን የማምነው ከዚያ ወዲህ፣ የሚፈሩትን ነገር ቀስ በቀስ መጋፈጥ በብዙ ሰዎች ላይ ከማነጻጸሪያ ቡድን ጋር ደጋግሞ ስለተፈተነ ነው። የተወሰኑት ሕክምናውን ያገኛሉ፣ የተወሰኑት ይጠብቃሉ ወይም ሌላ ነገር ያገኛሉ፣ ማን የት እንደሚመደብ በዕጣ ይወሰናል። ዕጣው ለምን? ቀድሞ የሻላቸውን መርጦ ‹‹አዳንኳቸው›› ማለት እንዳይቻል።

አስተሳሰብ ላይ ስለሚያተኩረው ኮግኒቲቭ እይታ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ልጥቀስልሽ፣ አሮን ቤክ። ፊላደልፊያ ይሠራ የነበረ ሐኪም ነው፤ የሠለጠነው በፍሮይድ መንገድ ነው። ድብርት ወደ ራስ የዞረ ቁጣ ነው ተብሎ ተምሯል። ይህንን ሊያረጋግጥ የድብርት ታማሚዎችን ሕልም አጠና። ቁጣ ይበዛበታል ብሎ ጠበቀ። ያገኘው ሽንፈት፣ ማጣት፣ መጣል ነው። የእናቴ ልጅ ቢሆን ‹‹ቁጣው ተደብቆ ነው›› ይል ነበር። እሱ ግን ሰዎቹ ስለ ራሳቸው የሚያስቡትን በቀጥታ ማዳመጥ ጀመረ። በ1960ዎቹ ከዚያ የወጣው ሕክምና ነው ዛሬ በዓለም ላይ በጣም ከተፈተኑት አንዱ የሆነው። ‹‹ሁሉም ይስቁብኛል›› የሚለው ሐሳብሽ እውነት ይሁን ወይ ይፈተናል፣ እንዲሁ አይታመንም።

ለምሳሌ አሁን ፍርሃትሽ ፊትሽ ላይ በትልቁ የተጻፈ ይመስልሻል፣ አይደል? ቶማስ ጊሎቪችና ኬነዝ ሳቪትስኪ በ2003 ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ ነው የፈተነው። ተናጋሪዎቹ ‹‹መጨነቄ ታይቷል›› ብለው የገመቱትን ያህል አዳማጮቹ አላዩባቸውም። ይህ ቀድሞ የተነገራቸው ተናጋሪዎችም ካልተነገራቸው የተሻለ ንግግር አደረጉ። እኔም ይኸው ነገርኩሽ።

ሰው በተፈጥሮው ማደግ ይፈልጋል የሚሉት ማስሎውና ሮጀርስስ? የማስሎውን የፍላጎቶች ፒራሚድ ሸምድጂ፣ ፈተና ላይ ይመጣል። ማስሎው በ1943 ጽሑፉ ውስጥ ፒራሚድ እንዳልሳለ ግን እወቂ። ሮጀርስን የማከብረው ከታካሚ ጋር ያደረገውን ንግግር ቀርጾ፣ ከነስህተቱ አሳትሞ፣ ሌሎች እንዲመረምሩት ስለከፈተ ነው።

ሞጁሉ ላይ በአንድ ገጽ የሚታለፈው የማኅበረሰብና የባህል እይታ ግን ላንቺ ከሁሉም የቀረበ ይመስለኛል። (እሺ፣ ‹‹ይመስለኛል›› አልኩ። መላምት ነው በይው።) ‹‹ልጅ በአዋቂ መሀል አይገባም›› እየተባልን ነው ያደግነው። እንግዳ ሲመጣ ሰላም ብለሽ ወደ ጓዳ። ዓይን እያዩ መናገር ድፍረት ነው፣ ለሴት ልጅ ሲሆን ደግሞ እጥፍ። ይህን 18 ዓመት ካሠለጠኑሽ በኋላ አንድ ቀን ጠዋት 50 ሰው ፊት አቁመው፣ ያውም በእንግሊዝኛ፣ ‹‹ተናገሪ›› ይሉሻል። ብትንቀጠቀጪ ምን ይገርማል? ሊፈተን ይችላል ደግሞ። ያንኑ ነገር በአማርኛ ለጓደኞችሽ ስታስረጂ እጅሽ ይንቀጠቀጣል? ካልተንቀጠቀጠ ከችግሩ የተወሰነው ቋንቋው ነው፣ የቋንቋ መድኃኒቱ ደግሞ ልምምድ ነው።

እናትሽን አትከራከሪያት። ጠበሉም ሂጂ፣ አብራችሁ መሄዳችሁ በራሱ መልካም ነው። ዓይነ ጥላ የሚባለውን ግን እኔ በካላንደር ልፈትነው አልችልም፣ ስለዚህ አለም የለምም ብዬ እንደ ሳይኮሎጂ አልመልስልሽም። ሥራሽን ግን ለእሱ ጥለሽ አትቀመጪ።

አሁን ወደ ሥራው። ሦስት ሳምንት አለሽ። አንድ ወረቀት ውሰጂና ለሁለት ክፈይው። በግራ፣ ከመናገርሽ በፊት ይሆናል የምትይውን ጻፊ። በቁጥር ይሁን። ‹‹ይስቁብኛል›› አይቆጠርም፤ ‹‹ከ50 ሰው 20 ይስቃል›› ይቆጠራል። ‹‹ድምፄ ይጠፋል›› ሳይሆን ‹‹ከሁለት ደቂቃ በፊት አቋርጬ እቀመጣለሁ››። በቀኝ፣ የሆነውን ጻፊ። የሚቆጥረው ሌላ ሰው ይሁን፣ አንቺ ወገንተኛ ነሽ።

መጀመሪያ ለዶርምሽ ልጆች አቅርቢው፣ አልጋ ላይ ተቀምጠው ይስሙሽ። ቀጥሎ ባዶ ክፍል ውስጥ ለአምስት ሰው፣ ቆመሽ። ቀጥሎ ክፍል ውስጥ እጅ አውጥተሽ አንድ ጥያቄ ጠይቂ፣ የማይረባም ይሁን። አንዱ እስኪለምድሽ ወደ ሚቀጥለው አትለፊ። ካቃተሽ እንደ ፒተር መለስ በይ፣ ነውር የለውም። አንዴ ደግሞ በስልክ ይቅረጹሽ። ቪዲዮውን ከማየትሽ በፊት እጅሽ ከ10 ስንት እንደሚንቀጠቀጥ ጻፊ፣ ከዚያ ልክ ሌላ ሰው እንደምታይ ሆነሽ እዪው። ከወረቀት ጀርባ መደበቅ፣ መሬት መሬት ማየት፣ በጥድፊያ ማንበብ ክልክል ነው። እነዚህ ሲያስመልጡሽ ‹‹የዳንኩት በነሱ ነው›› ትያለሽ፣ ፍርሃቱም ሳይፈተን ይቀራል። ይህን ሁሉ ሞክረሽ ምንም ካልተለወጠ ወይም ከክፍል መቅረት ከጀመርሽ የግቢያችሁን የካውንስሊንግ ቢሮ አንኳኪ።

ለአጎትሽ ልጅም መልስ አለኝ። ተመራማሪዎች ተሰባስበው 100 የታተሙ የሳይኮሎጂ ጥናቶችን እንደገና ሠርተው ውጤቱን በ2015 አሳተሙ። ከመጀመሪያዎቹ 97 በመቶዎቹ ‹‹ተሳክቷል›› ያሉ ነበሩ። ሲደገሙ የተሳካው 36 በመቶው ነው። እሱ ይህንን ሲሰማ ‹‹አላልኩም?›› ይላል። ማን እንደቆጠረው ጠይቂው። ራሳቸው የሳይኮሎጂ ሰዎች ናቸው፣ በስማቸው፣ ለዓለም ሁሉ። ከዚያ በኋላ ብዙዎች ምን እንደሚጠብቁ ጥናቱን ሳይጀምሩ በፊት መመዝገብ ጀምረዋል፣ ልክ ያንቺ ወረቀት ግራው ክፍል። እኔ ይህን ወሬ አልለውም።

ወደ ኪኒኑ። ልብ ያረጋጋል እየተባለ ተማሪ ከተማሪ የሚቀባበለው ብዙ ጊዜ ፕሮፕራኖሎል ነው። የልብ ምትና መንቀጥቀጥ እውነትም ይቀንሳል፤ ፍርሃት ሰውነት ውስጥም እንደሚኖር ባዮሎጂያዊው እይታ አልተሳሳተም። ግን ይህ መድኃኒት አስም ያለበትን ሰው የአየር ቧንቧ ሊያጠብና ከባድ አደጋ ውስጥ ሊጥል ይችላል። አንቺ ደግሞ አስም አለብሽ። የዶርምሽ ልጅ በቅን ልብ ነው የሰጠችሽ፣ አትቆጫት፤ ዛሬውኑ መልሽላት። ነገ ክሊኒክ ሂጂና ሰው ፊት ስትንቀጠቀጪ ትንፋሽ እንደሚያጥርሽ ንገሪያቸው። በሚነፋው መለኪያ ሳንባሽን ያዩልሽ፣ የአስሙን ከፍርሃቱ ለመለየት ይረዳል።

ፕሬዘንቴሽኑ ሲያልፍ ወረቀቱን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ‹‹ከ50 ስንት ሳቀ›› የሚለውን ሳጥን ማየት እፈልጋለሁ።